በማን ልክ የተሰፋ? የምዕራባውያን የፍልሰት ንድፈ ሐሳቦች፣ ምሥራቅ እስያና እኛ

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ላይ፣ ሃክኒ ውስጥ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)






አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ስደት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ እዚህ አዳራሽ ለሚሰበሰብ ሰው ስለ ስደት ምን አዲስ ነገር ይነገረዋል ብዬ አስቤ ነበር። ከመካከላችን ሱዳንን በእግሩ አቋርጦ የገባ አለ። ጅቡቲ ወይም ናይሮቢ ዓመታት የከረመ አለ። ጂዳና ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ወደዚህ የተሻገረች እኅት አለች። ለትምህርት መጥቶ መንግሥት ሲለወጥ መመለሻ ያጣም አለ። ስለዚህ ስደትን ላስተምራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ሌሎች ስለ ስደት የጻፉትን ይዤ ከእናንተው ጋር ለመመርመር ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። «ሰው አገሩን ለቆ ለምን ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ የምዕራብ አገር ምሁራን የሰጡት መልስ ለእኛም ይሠራል ወይ? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ተመራማሪዎች ደጋግመው አንሥተውታል። የእነርሱን መንገድ ካየን በኋላ ወደ ራሳችን እንመለሳለን።

«ይህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ አይቀርም። ወርዶ ሕግ ይሆናል፤ ሕጉ ቅጽ ይሆናል፤ ቅጹ ደግሞ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሆናል። በዚያ ጥያቄ ላይ የሚሰጠው መልስ መኖሪያ ፈቃድ ማግኘትን ወይም ማጣትን፣ ልጅን ማምጣትን ወይም ለዓመታት በስልክ ማሳደግን ይወስናል። ስለዚህ ቅጹ በማን ልክ እንደተሰፋ ማወቅ ይጠቅመናል።

1. ንድፈ ሐሳቦቹ ከየት መጡ?

የፍልሰት ጥናት አባት የሚባለው ኧርነስት ጆርጅ ራቨንስታይን ራሱ ስደተኛ ነበር። በ1834 በጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ተወልዶ በ1852 ወደ ለንደን መጣ። በእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር የካርታ ክፍል ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ጄኔራል ናፒየር መቅደላ በዘመተበት በ1868 የዚያው ክፍል ባልደረባ ነበር። በ1885 «የፍልሰት ሕግጋት» የተባለውን ጥናቱን እዚሁ ለንደን ለስታቲስቲክስ ማኅበር አቀረበ። መሠረቱ የ1871 እና የ1881 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ነው። አብዛኛው ሰው ሩቅ እንደማይሄድ፣ ሩቅ የሚሄደው ወደ ታላላቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ከተሞች እንደሚያመራ፣ ለእያንዳንዱ የሄደ ጎርፍ የሚመለስ ጎርፍ እንዳለው፣ ሴቶች በአጭር ርቀት ከወንዶች ይበልጥ እንደሚንቀሳቀሱ ጻፈ።

ከእርሱ በኋላ በ1966 አሜሪካዊው ኤቨረት ሊ ዛሬ ሁሉ የሚያውቀውን የገፊና የሳቢ ምክንያቶች ሐሳብ በሥርዓት አስቀመጠ። ሰው ከተወለደበት የሚገፋው ነገር አለ፤ ከሚሄድበት የሚስበው ነገር አለ፤ በመካከሉ ደግሞ መሰናክል አለ። በ1969 ማይክል ቶዳሮ፣ በ1970ም ከጆን ሃሪስ ጋር፣ የምሥራቅ አፍሪካን ከተሞች እያየ የገጠር ሰው ወደ ከተማ የሚሄደው የሚያገኘውን ደመወዝና ሥራ የማግኘት ዕድሉን አስልቶ ነው አለ። በ1985 ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም ስሌቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ ነው ብለው አረሙት።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን በአብዛኞቹ ሥር ሦስት ያልተነገሩ እምነቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ተጓዡ ትርፍና ኪሣራውን ለራሱ የሚያሰላ አንድ ግለሰብ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት በመንገድ ዳር የቆመ መሰናክል እንጂ ራሱ ሰውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል አይደለም የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ራቨንስታይን ስለ ሴቶች የጻፈው ተረስቶ፣ ቀድሞ የሚሄደው ወንድ ነው፣ ሴት ትከተላለች የሚለው ነው።

ለሁለተኛው እምነት ከራሳችን ታሪክ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ከመቅደላ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1879 ሊድስ ከተማ አረፈ፤ ዊንድዘርም ተቀበረ። ራቨንስታይን ሕግጋቱን ለማኅበሩ ያነበበው ከዚህ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ ግን ለዓለማየሁ የሚሆን ሕግ የለም። ደመወዝ አልሳበውም፣ ድርቅ አልገፋውም። ጦር ነው ያመጣው።

2. ምሥራቅ እስያ ላይ ምን ሆነ?

ቻይና። በ1958 የወጣው የቤተሰብ ምዝገባ ሕግ፣ በአገሩ ቋንቋ ሁኮው የሚባለው፣ እያንዳንዱን ሰው ከተወለደበት ቦታ ጋር አሰረ። የገጠር ሰው ከተማ ገብቶ ፋብሪካ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ልጁን ከተማው ትምህርት ቤት ማስገባትና የከተማ ነዋሪ የሚያገኘውን አገልግሎት ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2020 የቻይና ሕዝብ ቆጠራ ከተመዘገበበት ቦታ ውጪ የሚኖረው ተንቀሳቃሽ ሕዝብ 376 ሚሊዮን ያህል ነበር። የቶዳሮ ስሌት ሰውየው ለምን እንደሄደ ይነግረናል። ሃያ ዓመት ሠርቶ ለምን የከተማው ሰው እንዳልሆነ፣ ልጁስ ለምን አያቱ ዘንድ እንዳደገ ግን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን የምዝገባ ደብተሩ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ከተቋቋመ ወዲህ መሸኛ ሳይዙ ወደ ሌላ ቀበሌ መዛወር፣ መታወቂያ ሳይኖር አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ማስፈጸም ምን ያህል እንደሚያስቸግር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን።

ጃፓን። ፋብሪካዎቿ ሠራተኛ ባጡ ጊዜ፣ በ1990 በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ የኢሚግሬሽን ሕግ በር የከፈተው ለደም ዘመድ ነበር። ቀደም ሲል ወደ ብራዚልና ወደ ፔሩ የፈለሱ ጃፓናውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ሠርተው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። የብራዚላውያኑ ቁጥር ከ300 ሺህ አለፈ። ሐሳቡ «ደማቸው የእኛ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይዋሐዳሉ» የሚል ነበር። እነርሱ ግን ቋንቋቸው ፖርቱጋልኛ፣ ልማዳቸው የብራዚል ነበረና በአያቶቻቸው አገር እንደ ባዕድ ታዩ። በ2009 የሥራ ችግር ሲመጣ የጃፓን መንግሥት ለአንድ ሠራተኛ 300 ሺህ የን፣ ለቤተሰቡ አባል ደግሞ 200 ሺህ የን እየሰጠ ወደ ብራዚል እንዲመለሱ አደረገ። በገፊና በሳቢ ሐሳብ ብቻ ይህን የደም ጉዳይ ማስረዳት አይቻልም።

እዚህም ላይ ራሳችንን እናገኛለን። ኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ፈቀደች። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። እዚህ ሃክኒ ተወልዶ ያደገ ልጅ ያንን ካርድ ይዞ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ገና አፉን ሲከፍት «ዲያስፖራ ነህ?» ይባላል። ደም በር ይከፍታል፤ ቤተኛ ግን አያደርግም።

ኮሪያ። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ወደ ኮሪያ ሲዘምት አገሪቱ በጦርነት የወደመች ድሃ አገር ነበረች። ከ1963 እስከ 1977 ድረስ የማዕድን ቆፋሪዎቿንና ነርሶቿን ወደ ምዕራብ ጀርመን ለሥራ ስትልክ ቆየች። በ1993 ግን ከሌሎች የእስያ አገሮች ሠራተኞችን በተለማማጅ ስም መቀበል ጀመረች፤ በ2004 ይህን በሥራ ፈቃድ ሥርዓት መተካት ጀመረች። አገር ሲለማ መጀመሪያ ሰው ይልካል፣ ቆይቶም ይቀበላል የሚለው የምዕራባውያን ሐሳብ እዚህ ላይ ሠርቷል። ስለዚህ የውጭ ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ለእኛ አይሆንም ማለት ትክክል አይደለም። የሚሠራበትን ቦታ ከማይሠራበት ለይቶ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

3. ጎረቤቶቻችን ቪየትናማውያን

ቶኪዮና ሴኡል ሳንሄድ፣ ኪንግስላንድ ሮድ ላይ ወርደን ማየት እንችላለን። በዚያ መንገድ ላይ የምናያቸው የቪየትናም ምግብ ቤቶች ታሪክ አላቸው። በ1979 በጄኔቫ ከተደረገው ስብሰባ በኋላ ብሪታንያ በጀልባ ወጥተው ሆንግ ኮንግ ከደረሱት መካከል 10 ሺህ ሰዎችን ለመቀበል ተስማማች። ብዙዎቹ ከሰሜን ቪየትናም የመጡና የቻይና ትውልድ ያላቸው ነበሩ። ቪየትናምና ቻይና ሲጣሉ በሁለቱ መካከል የተገኙ ሰዎች ናቸው።

መንግሥት በወቅቱ የወሰነው በየአገሩ ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ አድርጎ እንዲበተኑ ነበር። አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ከሕዝቡ ጋር አይዋሐዱም፣ ለአንዱ ማዘጋጃ ቤትም ሸክም ይሆናሉ የሚል እምነት ነበር። ቤት ባለበት ይኖራሉ፣ ሥራ ባለበት ይሠራሉ ተባለ። ሰዎቹ ግን ቋንቋቸውን የሚሰማ፣ ቅመማቸውን የሚሸጥ፣ ሽማግሌያቸውን የሚያጫውት ሰው አጡ። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች ትልልቅ ከተሞች መጡ። ሃክኒ ከመጡባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እዚህም አን ቪየት የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ለረጅም ዓመታት ተረዳድተውበታል።

ከዚህ ትምህርት ተወስዷል ብንል በወደድን ነበር። ነገር ግን ከ1999ኙ የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ በኋላ፣ ከ2000 ጀምሮ፣ መኖሪያ ቤት ከመንግሥት የጠየቀ ጥገኝነት ጠያቂ ምርጫ ሳይሰጠው ወደተመደበለት ከተማ እንዲላክ ተደረገ። የእኛም ሰዎች ወደ ግላስጎው፣ ወደ ሊድስ፣ ወደ ማንቸስተር ተላኩ። በዚያው ሥር ሰደው መልካም ማኅበር ያቋቋሙ አሉ። ወረቀታቸው እንደወጣ ግን በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ለንደን የመጡም ብዙ ናቸው። ደመወዝና ቤት ብቻ ቢሆን የሚያስቀምጣቸው፣ ለንደን የቤት ኪራይ ሰማይ የነካባት ከተማ ናት። የሳባቸው ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድርና እንጀራ ነው። ለልጅ የክርስትና እናት፣ ለሐዘን አስተዛዛኝ የሚገኝበት ቦታ ነው። ይህ ማኅበር ራሱ የዚያ ሁለተኛ ጉዞ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

4. የእኛ ስደት በምን ይለያል?

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከላይ ያነሣኋቸውን ሦስት እምነቶች አንድ በአንድ በእኛ ታሪክ እንመዝናቸው።

አንደኛ፣ መንግሥት ሰውን ያንቀሳቅሳል። ከ1974ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ተመልሶ አገሩን ያገለግል ነበር። ከአብዮቱና ከቀይ ሽብር በኋላ ግን ይህ ልማድ ተሰበረ። በውጭ ያለው ቀረ፣ በውስጥ ያለውም ወጣ። በደርግ ዘመን ለመውጣት የመውጫ ቪዛና ዋስ ያስፈልግ ስለነበር ብዙው በሱዳንና በኬንያ ድንበር በሌሊት ወጣ። በዚያው ዘመን፣ ከ1984 እስከ 1986፣ ያው መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሰፈራ ስም ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል አዛወረ። በአንድ በኩል መውጣት የሚፈልገውን ከለከለ፤ በሌላ በኩል መሄድ ያልፈለገውን አጓጓዘ። ይህ በመንገድ ዳር የቆመ መሰናክል አይደለም። ተጓዡን የሚመርጠውና መድረሻውን የሚወስነው ራሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ይወስናል። አንዲት ልጅ ከወሎ ወይም ከራያ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ስትነሣ የሚነሣው እርሷ ብቻ አይደለችም። አባት በሬ ይሸጣል፤ እናት እቁቧን ቀድማ ታወጣለች፤ አጎት ለደላላው የሚሰጠውን ይበደራል። እርሷም ደመወዝ መላክ ስትጀምር መጀመሪያ ብድሩ ይከፈላል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ይማራል ወይም እርሱም ይሄዳል። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ወጣቶችም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስታርክና ብሉም የጻፉት እዚህ ላይ በደንብ ይገጥማል። ነገር ግን አንድ የሚጎድለው አለ። ቤተሰብ ውስጥ ያለው ነገር ስሌት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለ። «ለምን ትልኪያለሽ?» ብትባል «አተርፋለሁ» አትልም፤ «እንዴት እቀራለሁ?» ትላለች። ሰው ሁለት ሥራ ሠርቶ እዚህ ምድጃ ሳያበራ የሚከርመው በይሉኝታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሴቶች ይቀድማሉ። በአዲስ አበባ ከወንድ ሴት እንደሚበዛ የ2007 ሕዝብ ቆጠራ አሳይቷል። ከገጠር ወደ ከተማ ከሚመጡት ብዙዎቹ ያለ ዕድሜ ከመዳር የሸሹ፣ ከትዳር የተፋቱ ወይም ለሰው ቤት ሥራ የመጡ ልጆች ናቸው። ወደ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የሄዱትም ሴቶች ናቸው። አሠሪው ፓስፖርት በሚይዝበትና ሠራተኛዋ ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ በማትለውጥበት የከፋላ ሥርዓት ውስጥ ገብተዋል። የፍልሰት ጥናት ስለ ሴቶች ዘግይቶ ነው የነቃው። ማይክል ፒዮሬ በ1979 ስለ ፋብሪካ ስደተኞች «ተሻጋሪ ወፎች» የሚል መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ሚርያና ሞሮክቫሲች በ1984 «ተሻጋሪ ወፎች ሴቶችም ናቸው» በሚል ርዕስ መልስ ሰጠች። የእኛ እናቶች ይህን ሊያነቡ አላስፈለጋቸውም፤ ኖረውታል።

የመመለስ ጎርፍም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ጉራጌው ከአዲስ አበባ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ከተማ ሠርቶ ሰፈሩን ሳይለቅ መኖር እንደሚቻል ያሳየናል። በእኔ አስተያየት ራቨንስታይን ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ ተገደው ሲመለሱ ግን፣ ያ መመለስ የበዓል መመለስ አልነበረም። ዕዳው ሳይከፈል የተመለሰ ሰው እንደገና ወደ ኦቦክና ወደ የመን መንገድ ማየቱ አያስገርምም።

5. «ኑሮ አላኖር አለኝ»

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደርሻለሁ። በአማርኛ ስደት አንድ ቃል ነው። የቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መውረድ ስደት ነው፤ ክርስቲያኑ በጽጌ ወራት ያስበዋል። የነቢዩ ተከታዮች በ615 ገደማ ወደ አክሱም መጥተው በነጃሺ ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸውም ስደት ነው፤ ሙስሊሙ ያስታውሰዋል። ከጦርነት የሸሸም፣ እንጀራ ፍለጋ የወጣም ስደተኛ ይባላል። የእንግሊዝ ሕግ ግን ሁለቱን በቢላ ይቆርጣቸዋል። አንዱ ጥገኝነት ይገባዋል፣ ሌላው አይገባውም።

አንድ ሰው «ለምን መጣህ?» ሲባል «ኑሮ አላኖር አለኝ» ይላል እንበል። አስተርጓሚው «ኑሮ ከበደኝ» ብሎ ያቀርበዋል። ጠያቂው «የኢኮኖሚ ምክንያት» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ግን ለማለት የፈለገው ቀበሌው እየጠራው፣ ጎረቤቱ እየተጠቆመ፣ ሱቁ እየታሸገ መኖር አልቻልኩም ነው። «ሁለት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ» ያለውም እስር ቤት ማለቱ ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም የገባበትም የወጣበትም አይታወቅም። ዘመን አቆጣጠራችን ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት፣ ሰዓታችን በስድስት ሰዓት መለየቱ ሲጨመርበት፣ እውነተኛ ታሪክ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ገፊውና ሳቢው ለየብቻ በሁለት ሳጥን ተቀምጠዋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሕይወቱን በሁለት ሳጥን ከፍሎ አልኖረም። ሱቁ የታሸገው በፖለቲካ ነው፤ የተራበው ሱቁ ስለታሸገ ነው።

ከሌላ ማኅበረሰብ ታሪክ የተነሣ ሌላ ልክ መስፋት እንደሚቻል ማስረጃ አለን። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መጀመሪያ የተጻፈው ከጥር 1 ቀን 1951 በፊት ለተፈጸሙ ሁኔታዎች፣ በተለይም ለአውሮፓ ስደተኞች ነበር። የ1967ቱ ፕሮቶኮል የጊዜና የቦታ ገደቡን አነሣ፤ ትርጉሙ ግን አልተለወጠም። ሰውየው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ክፍሉ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እንደሚሳደድ ማስረዳት አለበት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግን መስከረም 10 ቀን 1969፣ ያውም በአዲስ አበባ፣ የራሱን ስምምነት ፈረመ። ይህ ስምምነት የውጭ ወረራ፣ የባዕድ አገዛዝ፣ ወይም የሕዝብን ጸጥታ በብርቱ የሚያናጋ ሁኔታ ያሰደደውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። በ1984 የላቲን አሜሪካ አገሮች በካርታሄና ተመሳሳይ መግለጫ አወጡ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገውን ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣውን ግጭት ሸሽቶ ካርቱም ወይም ናይሮቢ የደረሰ ሰው በዚህ ትርጉም ስደተኛ ነው። ያው ሰው ለንደን ሲደርስ ደግሞ በሌላ ልክ ይለካል። ሰውየው አልተለወጠም፤ ሜትሩ ነው የተለወጠው።

በ1990ዎቹ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ልክ አልገባችሁም ተብለው ልዩ የመቆያ ፈቃድ ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር። ፈቃዱ በ2003 በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ ባለፈቃዱ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ለማምጣት አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ተወልዳ ትቷት የመጣት ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ያላየ አባት በመካከላችን አለ። አንድ የትርጉም ልዩነት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

6. ማኅበራችን ምን ማድረግ ይችላል?

ንግግሬን በሐሜት ብቻ መጨረስ አልፈልግም። ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ታሪካችንን እኛው እንመዝግብ። በሕዝብ ቆጠራ ስለ ዘር መጠየቅ በተጀመረበት በ1991 «ጥቁር አፍሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከአህጉሩ ሕዝብ ሁሉ ጋር ተደምረን ገባን። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ማን ከየት፣ በምን መንገድ፣ ማንን ትቶ እንደመጣ አይታይም። ቴፕ ወይም ስልክ ይዘን ሽማግሌዎቻችንን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እናናግር። ጠያቂዎቹ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ቢሆኑ ሁለት ጥቅም አለው፤ ታሪኩ ይመዘገባል፣ ልጆቹም ወላጆቻቸውን ያውቃሉ። አገር ቤት ዘመድ ላለው፣ ስሙ እንዲጠራ ለማይፈልግም ምስጢሩ ይጠበቅ። ያለ ፈቃዱ ማንም አይቀዳ።

ሁለተኛው፣ ለአስተርጓሚዎችና ለጉዳይ ፈጻሚዎች የሚሆን አነስተኛ መጽሔት እናዘጋጅ። እንደ «አላኖር አለኝ»፣ «ገብቼ ወጣሁ»፣ «ተጠራሁ»፣ «ችግር ነበረብኝ» ያሉ አነጋገሮች በጥያቄ ጊዜ ምን ማለት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይዘርዝር። የዘመን አቆጣጠር ማመሳከሪያም ይጨመርበት። አስተርጓሚው ታሪክ አይጨምር፣ አይቀንስም፤ አሻሚ ቃል ሲሰማ ግን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ፈቃድ መለመን ይችላል። ይህን መማር ይቻላል፣ ማስተማርም ይቻላል።

ሦስተኛው፣ የሰበሰብነው በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በሻጋታ እንዳይጠፋ ቦታ እንፈልግለት። ጎረቤቶቻችን ቪየትናማውያን የአን ቪየትን ወረቀቶችና ፎቶግራፎች ለሃክኒ ቤተ መዛግብት አስረክበዋል። ነገ ስለ ሃክኒ የሚጽፍ ምሁር የእነርሱን ቃል ያገኛል። የእኛስ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የእድር መዝገብ፣ የመጀመሪያው የዘመን መለወጫ ፎቶግራፍ የት ነው ያለው? በየሰው አልጋ ሥር ነው። ከዚያ እናውጣው።

መደምደሚያ

ወገኖቼ፣ የምዕራባውያንን ንድፈ ሐሳብ እንጣል እያልኩ አይደለም። ልብስ በሰው ልክ ቢሰፋም ጨርቁ መልካም ሊሆን ይችላል። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጨርቁን ወስደው በራሳቸው ልክ እንደገና መቁረጥ ነው። እኛም ልካችንን ለሚለካን ሰው መናገር አለብን። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛን የሚቀርብን ደጃዝማችነት ሳይሆን መኖሪያ ፈቃድ፣ የልጆች መምጣትና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ታሪክ ነው።

ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ብርታቱንና ጤናውን ይስጠን።